መልእክቱን ሁላችንም አንብበነው ነበር

(በከሚሴ ከተማ ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ከየአጥቢያው ለመጡ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ የቡድን መልእክት መለዋወጫንና የሥራ መከታተያን አጣምሮ ስለ መጠቀም ነው። ርዕሱ ደረቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ የእጅ ፓምፕ ልጀምር።

በዳዋ ጨፋ ወረዳ በሚገኝ አንድ መንደር የአፍሪዴቭ ፓምፕ ተበላሸ። የውኃ ኮሚቴው ጸሐፊ ለመስክ ሠራተኛችን ደወለች፤ እርሱም በዚያው ሰዓት በቴሌግራም ቡድናችን ላይ ጻፈው። አንዱ «እሺ» አለ። ሌላው አውራ ጣቱን ከፍ ያደረገ ምልክት ላከ። ሦስተኛው «መለዋወጫ ካለ ይታይ» አለ። እኔም አንብቤው «አደራ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያም የስብሰባ ጥሪ መጣ፤ አንድ ባልደረባችን ልጅ ስለ ወለደች የእንኳን ደስ አለሽ መልእክት ጎረፈ፤ የሥልጠና ፎቶግራፎች ተከተሉ። በማግሥቱ ፓምፑ ከሁላችንም ዓይን ተሰወረ።

ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ በሌላ ጉዳይ ወደዚያ መንደር ስሄድ ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ከቦርከና ሲመለሱ አገኘኋቸው። አንዲት እናት «ነግረናችሁ ነበርኮ!» አሉኝ። እውነት ነበር፤ ነግረውናል። ሁላችንም አንብበነዋል። ጥገናው ከተጀመረ በኋላ የግማሽ ቀን ሥራ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

በዚያ ምሽት የቡድኑን መልእክቶች ወደ ኋላ እየመለስሁ አነበብሁ። ሰነፍ ሰው አላገኘሁም። ሁሉም መልስ ሰጥቷል። ነገር ግን «እኔ እሄዳለሁ፣ ሐሙስ እሄዳለሁ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። አለቃቸው እኔም «አደራ» ስል አደራውን ለማን እንደ ሰጠሁ አልተናገርሁም።

ወገኖቼ፣ ይህን ነገር የወሎ ሰው ከእኛ አስቀድሞ ያውቀዋል። ሰው ሲሞት ቅሬ ይጠራል። ጥሪው ለሁሉ ይደርሳል፤ ነገር ግን ቅሬው በጥሪ ብቻ አያበቃም። መቃብር የሚቆፍረው፣ እንጨት የሚያመጣው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ እንግዳ የሚቀበለው ተለይቶ ይታወቃል። ጥሪው ሰውን ይሰበስባል፤ ድልድሉ ሥራውን ያስፈጽማል። እኛ በስልካችን ላይ ጥሪውን ብቻ ይዘን ድልድሉን ረስተን ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን ሎሚ ካላነሣ ሎሚው መሬት ላይ ይቀራል።

በዓለም ላይ ያሉትም መሣሪያዎች በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን የመነጋገሪያ ነው፤ እኛ የምናውቀው ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሲሆን፣ በብዙ አገር መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ስላክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ቀረበ። ሁለተኛው ወገን የሥራ ሰሌዳ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ትሬሎ ነው። የሰሌዳው ሐሳብ ግን ከእነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ ይቀድማል። በጃፓን የቶዮታ ፋብሪካ ታይቺ ኦኖ የሚባሉ መሐንዲስ ካንባን የተባለውን የካርድ አሠራር አስፋፉ። አንድ የሥራ ክፍል የሚቀጥለውን ዕቃ የሚሠራው ካርዱ ሲደርሰው ብቻ ነው፤ በእጅ ያለው ሳያልቅ ሌላ አይከመርም።

ሁለቱን ወገኖች ማጣመር ማለት እንግዲህ ይህ ነው፦ ንግግሩ በመነጋገሪያው ላይ ይሁን፤ ከንግግሩ የተወለደ ሥራ ግን ወዲያው ካርድ ሆኖ ወደ ሰሌዳው ይሂድ። ስላክን ከትሬሎ ጋር ያገናኙ ሰዎች ከመልእክቱ ላይ ካርድ ማውጣት ይችላሉ። እኛ ያን አላደረግንም፤ በየቀኑ ተራ የሚገባ አንድ ሰው መድበን መልእክቱን በእጁ ወደ ካርድ እንዲለውጥ አደረግን። ካርዱ ሲወጣ በቡድኑ ላይ ቁጥሩን ይጽፋል፤ በዚያ ጉዳይ ላይ ወሬው በዚያ ያበቃል።

በካርዱ ላይ የሚጻፉት አራት ነገሮች ናቸው፦ የአንድ ሰው ስም፣ ቀን፣ የቦታው ቁጥር፣ ሥራው አለቀ የሚባለው ምን ሲሆን እንደ ሆነ። አንድ ስም እንጂ ሁለት አይጻፍም፤ ሁለት ስም ካለ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃልና። «አለቀ» የሚባለውም ሠራተኛችን ሄዶ ሲመለስ ሳይሆን፣ ውኃው መውጣቱን የውኃ ኮሚቴው ሲያረጋግጥ ነው።

ስለ ቦታው ቁጥር አንድ ቃል ልጨምር። በዚህ ዞን አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። አንዱ ባልደረባችን በቁቤ ይጽፋል፣ ሌላው በፊደል፣ ሦስተኛው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። የአንድ መንደር ስም በሦስት ዓይነት ተጽፎ ሲገኝ፣ ስልኩ ፈልግ ቢሉት አንዱን አግኝቶ ሁለቱን ይተዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የውኃ ቦታ ቁጥር ሰጠነው። ቁጥሩ በማንም ቋንቋ አንድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስለ ጸጥታ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ግሎሪያ ማርክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በሥራቸው መካከል የሚቋረጡ ሰዎች ሥራቸውን ፈጥነው ቢጨርሱም ጭንቀታቸውና የሥራ ጫናቸው እንደሚበዛ አሳይተዋል። ሂሳብ ሠራተኛችን የወሩን ሂሳብ ስታስታርቅ ስልኳ በየጥቂት ደቂቃው ሲጮኽ ምን እንደሚሆን ግን ያለ ጥናትም እናውቃለን። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በቡድኑ ላይ መልስ አይጠበቅም። የሕይወት አደጋ ከሆነ በስልክ ይደወላል እንጂ አይጻፍም። ይህን ደንብ በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ጊዜ የጣስሁት ሰው እኔ ነኝ። ሐሳብ በመጣልኝ ቁጥር እጽፍ ነበር፤ የአለቃ መልእክት ደግሞ ማንም ችላ አይለውም። አሁን ሐሳቤን በማስታወሻ ደብተሬ ይዤ እቆያለሁ። ግማሹ እስከ ቀትር ድረስ መላኩ የማያስፈልግ ሆኖ ይገኛል።

ነህምያን እናስታውስ። የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚጠግነው ክፍል ተለይቶ ተሰጠው። ጠላቶቹም ወደ ኦኖ ሜዳ ና እንነጋገር እያሉ አራት ጊዜ ቢልኩበት ሥራውን ትቶ አልወረደም። ድልድሉም ትኩረቱም በአንድነት ነበሩ። ይህ የእኛ ብቻ ጥበብ እንዳይመስለን ግን፣ አብረውን የሚሠሩ ሙስሊም ባልደረቦቻችን በአደራ አጠባበቅ ብዙ አስተምረውናል፤ የሰሌዳችንንም ስብሰባ ያደራጁት እነርሱ ናቸው። ስብሰባው በከሚሴ ሰኞ ጠዋት ነው። በባቲ ግን ማክሰኞ ነው፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን በመሆኑ ሠራተኞቻችን ከየቀበሌው የመጣውን ሰው የሚያገኙት ያን ዕለት ነውና።

ሦስተኛው ጉዳይ ስለ መቋረጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከዚህ ከተማ ሲደርስ የሆነውን ከእናንተ ብዙዎች በዓይናችሁ አይታችኋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ሥራውን ሁሉ በስልክ ውስጥ ያኖረ ሰው በዚያን ጊዜ ሥራውን አጣው። ስለሆነም ዋናው ሰሌዳችን በቢሮው ግድግዳ ላይ በወረቀት ካርድ የተለጠፈው ነው፤ በስልክ ያለው ቅጂው ነው። አራት ዓምድ አለው፦ የሚሠራ፣ በሥራ ላይ ያለ፣ ሌላ ነገር የሚጠብቅ፣ ያለቀ። በሥራ ላይ ባለው ዓምድ ለአንድ ሰው ከሦስት ካርድ በላይ አይፈቀድም። የተረጂዎች ስምና ፎቶግራፍም በሰሌዳውም በቡድኑም ላይ አይወጣም። ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ ይችላል፤ የተቸገረ ሰው ስም ደግሞ የእኛ ንብረት አይደለም።

ይህ ሁሉ ችግሩን ጨረሰው? አልጨረሰም። ሰሌዳ የሰውን ጉልበት አይጨምርም። እንዲያውም መጀመሪያ ያሳየን የሚያሳፍር ነገር ነበር፤ በአንድ የጥገና ባለሙያ ስም አሥራ ሰባት ካርድ ተደርድሮ አየን። በቴሌግራም ላይ ሳለ ይህ አይታይም ነበር፤ ባለሙያው «እሺ» ይል ነበር፣ እኛም ቸልተኛ ነው እንለው ነበር። ካርዶቹን ግድግዳው ላይ ባየን ጊዜ ይቅርታ ጠየቅነው። አፍሪዴቭ ፓምፕ የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ቀላሉን ጥገና ለውኃ ኮሚቴዎቹ ለማሠልጠንና ማሸጊያ ጎማውን በቅርባቸው ለማስቀመጥ ወሰንን። ይህ ውሳኔ ከሰሌዳው የተወለደ ነው።

በመጨረሻ ወደ እናንተ ወደ ደጋፊዎቻችን ልመለስ። የእናንተም ፍቅር አንዳንድ ጊዜ በስልክ ጩኸት ይመጣል። «ለእሑድ ፎቶግራፍ ላኩልን» የሚል መልእክት ሐሙስ ከቀትር በፊት ለአንድ የመስክ ሠራተኛ ሲደርሰው፣ ካርዱን አስቀምጦ ፎቶግራፍ ፍለጋ ይሄዳል። እምቢ ማለት ያፍራል፤ ደመወዙ ከእናንተ ስጦታ እንደሚመጣ ያውቃልና። ስለዚህ የምለምናችሁ ጥያቄያችሁን ለአስተባባሪው ቢሮ ብቻ እንድትልኩ ነው። ካርድ ይወጣለታል፣ ስም ይጻፍበታል፣ መልሱም ይደርሳችኋል። ጥቂት ቀን ብንዘገይ የረሳናችሁ አይምሰላችሁ።

ያቺ የውኃ ኮሚቴ ጸሐፊ ዛሬም ትደውላለች። አሁን ግን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁለት ነገር ትጠይቃለች፦ «ማን ነው የሚመጣው? መቼ?» ከዛሬው ንግግር ሌላውን ብትረሱ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ።