መንኮራኩር፣ እንጨትና ውኃ፦ በዋግ ደጋ የእንጨት ድልድዮች ላይ በብስክሌት ስለ መሻገር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



የዛሬው ርዕሴ አንዳንዶቻችሁን ጥቂት ሊያስገርም እንደሚችል አውቃለሁ። በዚህ መድረክ ስለ ታላላቅ ግድቦች፣ ስለ አውራ ጎዳናዎችና ስለ ረጃጅም ድልድዮች ሲነገር ሰምታችኋል። እኔ ግን የምናገረው ርዝመቱ ከ6 ወይም ከ7 እርምጃ ስለማይበልጥ፣ በካርታ ላይ ስለማይታይ፣ መሐንዲስም ስላልነደፈው ድልድይ ነው፤ እንዲህ ያለውን የእንጨት ድልድይ በክረምት በብስክሌት ስለሚሻገር ሰው ነው። ርዕሱን የመረጥኩት ዕዳ ስላለብኝ ነው። ዕዳውን አስቀድሜ ልናገር።

ብስክሌት መንዳት የተማርኩት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብስክሌተኛዋም ብዙ ነው። እዚያ የለመደ ነጂ መታጠፍንና በመኪና መካከል ማለፍን ያውቃል እንጂ ቁልቁለትን አያውቅም። ከ30 ዓመት ገደማ በፊት በመምህርነት ተመድቤ ወደ ዋግ ስሄድ ብስክሌቴን በጭነት መኪና አስጭኜ እስከ ሰቆጣ ወሰድኳት። ትምህርት ቤቱ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ በደጋው ላይ ነበር። ተማሪዎቼ እርስ በርሳቸው በኽምጣኛ እየተጨዋወቱ በእግር ረጅም መንገድ ይመጡ ነበር፤ በብስክሌት የምመጣው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በመስከረም መጀመሪያ፣ ትምህርት በተከፈተ ሳምንት፣ አንድ ማለዳ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ተማሪዬን ከኋላዬ አፈናጥጬ ወደ ትምህርት ቤት ወረድኩ። በመንገዳችን ላይ ትንሽ ወንዝ ነበረች። ድልድይዋ ሁለት ግንዶች ጎን ለጎን ተጋድመው፣ በላያቸው ጭራሮና አፈር ለብሶ የተሠራ ነበር። በዋግ ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ ይወርዳል፤ በወረደ ጊዜ ግን አፈር አያስቀርም። ያ ክረምት የድልድይዋን አፈር አጥቦ ወስዶ ነበር። የቀረው ልጡ የተላጠ፣ ጤዛ ያረፈበት ግንድ ነበር። የፊት ጎማዬ በሁለቱ ግንዶች መካከል ወዳለው ቦይ ተንሸራቶ ገባ፤ እኔም በድንጋጤ ፍሬን ያዝኩ። እኔ ጭቃ ላይ ወደቅኩ። ልጁ ድንጋይ ላይ ወደቀ፤ ቀኝ ክንዱም ተሰበረ። ወጌሻ አሰረለት። እስኪያገግም ድረስ እርሳስ አልያዘም፤ ለአባቱም በመኸር ሥራ አላገዘም።

ከማዶ ሆነው ይመለከቱ የነበሩ አንድ አዛውንት ልጁን አንሥተው ካቀፉ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህር፣ እኛ እዚህ ስንደርስ ከበቅሎ እንወርዳለን፤ እርስዎ ምነው ሳይወርዱ?» አሉኝ። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ዛሬ ለዚያ ጥያቄ የምሰጠው መልስ በአጭሩ ይህ ነው፦ በእርጥብ እንጨት ላይ ማድረግ የሚገባን ሁሉ እንጨቱ ላይ ሳንደርስ ማለቅ አለበት። ፍጥነት መቀነስ፣ አቅጣጫ መያዝ፣ መውረድን ወይም አለመውረድን መወሰን፣ ሦስቱም ከድልድዩ በፊት የሚፈጸሙ ናቸው። ምክንያቱን ላስረዳ።

የብስክሌት ጎማ መሬትን የሚነካበት ስፍራ ከአውራ ጣት አሻራ ብዙም አይበልጥም። ለመቆም፣ ለመታጠፍና ለመገፋት የሚያስፈልገን ኃይል ሁሉ የሚመጣው በዚያች ስፍራ ካለው ሰበቃ ነው። እንጨት ሲረጥብ በጎማውና በእንጨቱ መካከል ቀጭን የውኃ ሽፋን ይገባል። እንጨቱ ጥላ ሥር ከሆነና ቶሎ የማይደርቅ ከሆነ ደግሞ አልጌ ይበቅልበታል፤ ያ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር ውኃ ሲያገኝ እንደ ሳሙና ይሆናል። ስለዚህ ድልድይ የሚያዳልጠው ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ብቻ አይደለም። በክረምቱ መውጫ፣ ሰማዩ ጠርቶ ጤዛ ባለበት ማለዳ፣ ሰው ሳይጠነቀቅ ያገኘዋል።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ። ለማነጻጸር ያህል በደረቅ ሻካራ መንገድ ላይ የሰበቃውን ቁጥር 0.6፣ አልጌ በለበሰ እርጥብ እንጨት ላይ 0.1 እንበል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በመጀመሪያው ላይ ለመቆም 2.6 ሜትር ያህል ይበቃዋል። በሁለተኛው ላይ ወደ 16 ሜትር ያስፈልገዋል። የኛ ድልድይ ግን ከ7 እርምጃ አይበልጥም። ፍጥነቱን በግማሽ ብንቀንሰው የመቆሚያው ርቀት ወደ ሩብ ወርዶ 4 ሜትር ይሆናል፤ ርቀቱ የሚያድገውም የሚያጥረውም በፍጥነቱ ካሬ ነውና። ይህም ነጂው እንደታየው ፍሬን ቢይዝና ጎማው ሳይቆለፍ ቢቀር ነው። የቸርኬውን ጠርዝ የሚይዝ ፍሬን ደግሞ ራሱ ሲረጥብ ወዲያው አይዝም።

ከመቆም የሚከፋው መታጠፍ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄድን፣ ወርዱ 8 ሜትር የሆነ የክብ ግማሽ ወገብ ባለው መታጠፊያ ብንዞር 12 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለብን፤ ለዚህም ከ0.2 በላይ ሰበቃ ያስፈልጋል። የለንም። ስለዚህ እንወድቃለን። በእግረኛ ፍጥነት፣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር፣ ብንዞር ግን የሚያስፈልገን ከ0.04 በታች ነው።

ይሁንና ችግሩ ከዚህም ይጠልቃል። ብስክሌት ቆሞ የሚሄደው ነጂው ሳያውቀው መሪውን ወደሚወድቅበት አቅጣጫ ጥቂት ጥቂት እያዞረ ሚዛኑን ስለሚመልስ ነው። እያንዳንዷ እርማት ከጎማው ሥር የጎን ሰበቃ ትፈልጋለች። በሚያዳልጥ እንጨት ላይ የምናጣው እንግዲህ ፍሬንን ብቻ ሳይሆን ሚዛን የምንጠብቅበትን መሣሪያ ራሱን ነው። የኋላ ጎማ ቢንሸራተት አንዳንዴ ይመለሳል፤ የፊት ጎማ ከተንሸራተተ ግን ለእርማት ጊዜ አይሰጥም። እጅግ መዘግየትም መፍትሔ አይሆንም፤ ብስክሌት በዘገየ ቁጥር መሪው ይበልጥ ይወዛወዛል። ለመንዳት የሚበቃ የተረጋጋ ፍጥነት መያዝ ካልተቻለ ቀሪው ምርጫ መውረድ ነው።

የዋግን መልክዓ ምድር የምታውቁ ሌላም ነገር ታስተውላላችሁ። በደሃና፣ በጋዝጊብላ ወይም በሰቆጣ ዙሪያ ደጋዎች ድልድይ የሚሠራው ቁልቁለቱ ባለቀበት፣ ዳገቱ በሚጀምርበት ስፍራ ነው። ነጂው ከላይ እየተንደረደረ ይደርሳል፤ ማዶ ያለው ዳገት ስለሚታየውም ፍጥነቱን ማባከን ይሳሳል። እንጨቱ ላይ በፍጥነት ይገባል፣ ከእንጨቱ ሳይወጣም ፔዳሉን በኃይል ይረግጣል። ሁለቱም ስሕተቶች ናቸው፤ ሁለቱንም የሚያሠራው መልክዓ ምድሩ ነው። እኔ የወደቅሁት ሰነፍ ነጂ ስለሆንኩ ሳይሆን፣ የማዶውን ዳገት ለመውጣት ጉልበት ልቆጥብ ብዬ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከድልድዩ በፊት ገና በቁልቁለቱ ላይ ሳለን ፍሬኑን ቀለል አድርገን እየነካን ውኃውን ከጠርዙ እናብስ። የተፈናጠጠ ሰው ካለ ይውረድ፤ ይህ የማይታለፍ ሕግ ይሁን። የማናውቀው ድልድይ ከሆነ፣ ወይም ትናንት የምናውቀው ሆኖ ሌሊት ከዘነበ፣ ቆመን በእግራችን እንሞክረው። ጫማችን ካንሸራተተ ጎማችንም ይንሸራተታል። ግንዶቹ ወይም ሳንቃዎቹ የተጋደሙት በጉዞው አቅጣጫ ከሆነ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጎማን ይዞ የማይለቅ ወጥመድ ነውና ያለ ክርክር እንውረድ። ሳንቃዎቹ በአግድም ከሆኑና ድልድዩ ቀጥተኛ ከሆነ ግን በጥንቃቄ መንዳት ይቻላል። ከጎማው አየር በመጠኑ መቀነስ የሚነካውን ስፍራ ያሰፋዋል፤ ይረዳል፣ ነገር ግን አልጌን አያሸንፍም።

በድልድዩ ላይ መሪውን ሳንጨብጥ ሳንለቅ፣ ዓይናችንን ከፊት ጎማው አንሥተን ማዶው ላይ አድርገን፣ ፔዳሉን በእኩል ግፊት እያዞርን ወይም ሳናዞር በቀጥታ እንለፍ። ፍሬን አንያዝ፤ በተለይ የፊቱን። ወደ ዳር እየሄድን መሆኑ ቢታወቀን መሪውን በድንገት ከመጠምዘዝ እግርን ማውረድ ይሻላል። የኋላው ጎማ ጭምር እንጨቱን ለቆ እስኪወጣ ድረስም አንታጠፍ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው አልፌዋለሁ ብሎ ባሰበበት፣ ጭቃና እንጨት በሚገናኙበት ጫፍ ላይ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ለነጂው ነው። ገለጻዬን እዚህ ላይ ብዘጋ ግን ጥፋቱን ሁሉ በወደቀው ሰው ላይ አድርጌ መሄዴ ነው። በዓባይ ላይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን ሰባራ ድልድይን አስቡ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ከፈረሰ በኋላ ሰዎች መሻገር አላቆሙም፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት በገመድ እየተሳቡ ተሻገሩ። ገበያው፣ ዘመዱና ሐኪሙ ማዶ ያለ ሰው ድልድዩ መጥፎ ስለሆነ ቤቱ አይቀመጥም። ስለዚህ «ተጠንቀቁ» የሚለው ምክር ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ የሠሪው ነው።

የሠሪው ሥራ ደግሞ ውድ አይደለም። ሳንቃውን በጉዞው አቅጣጫ ሳይሆን በአግድም መምታት፤ በሳንቃዎቹ መካከል ውኃ የሚወርድበት፣ ጎማ ግን የማይገባበት ጣት የማያሾልክ ክፍተት መተው፤ መግቢያውና መውጫው ቀጥተኛ እንዲሆን ማድረግ፤ ፀሐይ እንዲያገኘው ያጠላበትን ቅርንጫፍ መቁረጥ፤ ክረምት ሳይገባና ክረምት ሲወጣ በጠንካራ መጥረጊያ ፍቆ ማጽዳት። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ረግረጋማ ስፍራዎች በእንጨት መተላለፊያዎች ላይ ቀጭን የሽቦ መረብ ይመታሉ፤ ወይም ማጣበቂያ ቀብተው ሻካራ አሸዋ ይበትኑበታል። ለዶሮ ቤት የሚሆነው ሽቦ በእኛም ገበያ አለ፤ ትኩስ ሬንጅ ላይ አሸዋ መበተንም ለመንገድ ሠራተኞቻችን እንግዳ ሥራ አይደለም። ሽቦው ሲያረጅና ሲበጠስ ጎማም እግርም ስለሚቆርጥ በየዓመቱ መታየት ይኖርበታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለ ሥራ ነው።

«በዋግ ስንት ብስክሌት አለና ነው?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዛሬም በዚያ መንገድ ብስክሌት ብርቅ ነው። ነገር ግን የሰበቃ ሕግ ለጎማ ብቻ አልወጣም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ በዚያው ግንድ ላይ የምትሻገር ልጅ፣ እህል የተጫነች አህያ፣ በቃሬዛ ሕመምተኛ የተሸከሙ አራት ጎረምሶች፣ ሁሉም የቆሙት በዚያው ቀጭን የውኃ ሽፋን ላይ ነው። ለብስክሌት የሚመች ድልድይ ለእነርሱም ይመቻል። ብስክሌት የድልድዩን ጉድለት ከሁሉ ቀድሞ የሚያጋልጥ መፈተኛ ነው ብንል አንሳሳትም።

ወደ አዛውንቱ ጥያቄ ልመለስና ላብቃ። የደጋ ሰው ክፉ ቁልቁለትና ክፉ መሻገሪያ ላይ ሲደርስ ከበቅሎው ይወርዳል። ይህን የሚያደርገው ፈሪ ስለሆነ አይደለም፤ የበቅሎዋን እግርና የራሱን ክብደት ስለሚያውቅ ነው። መውረድ የግልቢያ ዕውቀት አንዱ ክፍል ነው። እኔ መውረድ እንደ ሽንፈት ይቆጠርብኛል ብዬ ነበር፤ በተማሪዬ ፊት ከብስክሌት መውረድ አፈርኩ። ዋጋውን ግን የከፈለው እርሱ ነው። በዚያው ሳምንት የመንደሩ ሰዎች ግንዶቹ ላይ በአግድም ፍልጥ መትተው ድልድይዋን አደሷት፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ሠራሁ። የሥራው ጊዜ ከግማሽ ቀን አላለፈም። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ግማሽ ቀን ያልሰጠነው ሁላችን ነን።

እናንተ ተማሪዎች ነገ ድልድይ ትነድፋላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም በእንዲህ ያለ ወረዳ ትመደባላችሁ። ክረምት ሲወጣ የመጀመሪያውን ድልድይ ከመሻገራችሁ በፊት ቆማችሁ በእግራችሁ ሞክሩት። ካንሸራተታችሁ ውረዱ፤ ማዶ ከደረሳችሁ በኋላም ትታችሁት አትሂዱ።