የሚያነክስ ሞተር በቤት እንዴት እንደሚመረመር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመካኒክ ክበብ አባሎች የቀረበ ንግግር



 የምንናገረው ሁላችሁም ስለምታውቋት ስለ ትንሿ ቮልስ ነው። ይህችን መኪና የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. ከ1945 ወዲህ በብዛት ስትሠራ ኖራ፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር ከፑዌብላ ፋብሪካ ወጥታለች። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ፋብሪካው ቢያቆምም በአገራችን ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈች ዛሬም ዳገቱን ስትወጣ እናያታለን። እኛም የመረጥናት ሞተሯ ግልጽ ስለ ሆነና በጥቂት መሣሪያ ሊመረመር ስለሚችል ነው።

ልናስረዳችሁ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ዕቃ ከመለወጥ በፊት ምክንያቱን ማወቅ እንደሚገባ ነው። ሐኪም በሽተኛውን ሳይጠይቅና ሳይመረምር መድኃኒት ቢያዝ ማንም አያምነውም። መኪና ሲታመም ግን ብዙ ሰው ዛሬ ካንዴላ፣ ነገ ቦቢና፣ ከነገ ወዲያ ካርቡራቶር እየገዛ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ በሽታው ግን እዚያው ተቀምጧል።

ሞተር ለመሥራት ሦስት ነገር ይፈልጋል። እነርሱም በልክ የተደባለቀ ቤንዚንና አየር፣ ድብልቁን አጥብቆ የሚያምቅ ሲሊንደር፣ እንደዚሁም በሰዓቱ የሚደርስ የእሳት ብልጭታ ናቸው። ቮልስ አራት ሲሊንደር ስላላት ከአራቱ በአንዱ ከነዚህ ነገሮች አንዱ ቢጎድል፣ አንድ እግሯ እንደ ታመመ በቅሎ እያነከሰች ትሄዳለች እንጂ አትቆምም። ስለዚህ መርማሪው ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። የታመመው የትኛው ሲሊንደር ነው? የጎደለውስ የትኛው ነገር ነው?

ባለፈው ክረምት የአንድ ጓደኛችን እናት እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች፣ ባለ 1300 ሞተር ቮልሳቸው ታመመችባቸው። እኒህ እናት ዳቦ ጋግረው ለሱቆች እያደረሱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለት ቤንዚን ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይ አቅም ያጣል፤ ዳቦውም ሳይደርስ ይረፍዳል። አንድ ጋራዥ «ሞተሩ አልቋል፤ ይለወጥ» አላቸው። ዋጋው ከአቅማቸው በላይ ስለ ነበረ መኪናዋን በርካሽ ለመሸጥ ተቃርበው ነበር። «ልጆቼ፣ ከመሸጤ በፊት እናንተ እስቲ እዩልኝ» ቢሉን ከመምህራችን ጋር ሆነን ወደ ግቢያቸው ሄድን።

በመጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣውን አደረግን። ሞተሩን አስነስተን በሚኒሞ እየሠራ ሳለ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ እየነቀልን ድምፁን አዳመጥን። ደኅና የሆነው ሲሊንደር ገመዱ ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ ያነክሳል፤ የታመመው ሲነቀል ግን ለውጥ አይታይም፤ አስቀድሞም አይሠራም ነበርና። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ሲነቀሉ ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ። ሦስተኛው ሲነቀል ግን ምንም አልተለወጠም። እንግዲህ በሽተኛው ሦስተኛው ሲሊንደር መሆኑን በአምስት ደቂቃ አወቅን። ይህ ሥራ የሚሠራው እጀታው በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ ነው፤ የተነቀለውም ገመድ ጫፉ ከሞተሩ ብረት ጋር መነካካት አለበት። በባዶ እጅ የነካው ሰው ብርቱ ንዝረት ያገኘዋል።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተን ካንዴላዎቹን ፈታን። የካንዴላ ጫፍ እንደ ሰው ምላስ የውስጡን ይናገራል። ግራጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ በዘይት የራሰ ከሆነ ዘይት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሶ ወይም ሙቀት በዝቶ ነው። በእኛ መኪና ሦስቱ ጥላሸት ነክቷቸዋል፤ የሦስተኛው ግን በቤንዚን ርሷል። ቤንዚን ከደረሰ የጎደለው ብልጭታ ወይም እመቃ መሆን አለበት።

ብልጭታውን ለመፈተን አዲስ ዕቃ አልገዛንም። የሦስተኛውን ካንዴላ ወደ አራተኛው፣ የአራተኛውን ወደ ሦስተኛው አዛወርን። ካንዴላው ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ አብሮት ወደ አራተኛው በሄደ ነበር፤ ነገር ግን እዚያው ሦስተኛው ላይ ቀረ። ገመዱንም በደኅና ገመድ ብንለውጠው እንደዚያው ሆነ። ፑንቲና የሚባሉት የኤሌክትሪክ መክፈቻና መዝጊያ ነጥቦች ክፍተታቸው 0.4 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ልኩም ይኸው ነው። ደግሞም ፑንቲና ለአራቱም ሲሊንደር የሚያገለግል ስለ ሆነ ቢበላሽ አንዱን ብቻ ለይቶ አያሳምምም።

የቀረው እመቃ ነበር። ከትምህርት ቤቱ የተዋስነውን መለኪያ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተን፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ ቤንዚኑ እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ሞተሩን በሞተሪኖ አዞርነው። ሦስቱ ሲሊንደሮች ወደ 6 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲሜትር ሲያሳዩ ሦስተኛው 3 እንኳ አልሞላም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈውን የእመቃ ቁጥር እዚህ የሚፈልግ ሰው ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ ያደርገዋል። ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማመዛዘን ይሻላል። በሦስቱ ካንዴላዎች ላይ የታየው ጥላሸትም ምክንያቱ ይኸው ነበር፤ ለቆላና ለባሕር ዳር የተለካ ካርቡራቶር በደጋ ስስ አየር ላይ ቤንዚን ያበዛልና።

በማግሥቱ ጧት ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቮቹን ክዳን ከፈትን። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ ነው። በ1-4-3-2 ተራ፣ በየጊዜው ሞተሩን በእጅ ግማሽ ዙር እያዞርን፣ እያንዳንዱን ሲሊንደር እመቃው ጫፍ ላይ አድርሰን ለካን። ልኩ 0.10 ሚሊሜትር ነው። በሦስተኛው ሲሊንደር የጢስ ማስወጫ ቫልቭ ላይ ግን 0.05 የሆነችው ስስ ብረት እንኳ አልገባችም።

ቫልቭ ክፍተት ሲያጣ በመቀመጫው ላይ ተደላድሎ አይዘጋም፤ እመቃውም በዚያ ያመልጣል። ከዚህም የከፋው፣ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ሲዘጋ ወደ መቀመጫው ስለ ሆነ፣ ካልተዘጋ ይቃጠላል። የሦስተኛው መታመም ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1970 በተሠሩት የቮልስ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደዚህ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድ ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል።

በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በሞተር ዘንድ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ክፍተቱ የሰፋ ቫልቭ ይንኳኳል፤ ባለቤቱም ሰምቶ ይጠግነዋል። ክፍተቱ የጠበበው ግን ዝም ብሎ ይቃጠላል። ስለዚህ «ሞተሬ ድምፁ ጸጥ ብሏል» ብሎ ሳያስለካ የሚቀመጥ ሰው ይጠንቀቅ።

ማስተካከያውን በካቻቢቴና በቁልፍ አላልተን 0.10 አደረግነው፤ ሁለት አዲስ የቡሽ ጋስኬት ገጥመን ክዳኑን ዘጋን። ወጪውም የሁለቱ ጋስኬት ዋጋ ብቻ ሆነ። ሞተሩ ተነሥቶ ከሞቀ በኋላ የሦስተኛው እመቃ ከ5 በላይ ወጣ፤ ማነከሱም ቀረ። ነገር ግን መምህራችን ሥራው እዚህ እንዳላለቀ ነገሩን። ክፍተቱ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ እንደገና ከጠበበ የቫልቩ ዘንግ እየተሳበ ነው ማለት ነውና፣ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩን ይሰባብረዋል። ያን ጊዜ ቴስታታ የሚባለው የሲሊንደር ክዳን ወርዶ ቫልቩ መለወጥ አለበት፤ ይህም የጋራዥ እንጂ የግቢ ሥራ አይደለም። እኛም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰን ብንለካው ክፍተቱ እንደ ተውነው ነበር። ዳቦውም ሱቆቹ ሳይከፈቱ ይደርሳል።

ስለ ጥንቃቄም ጥቂት እንናገር። የሞተር ጢስ እንደ ከሰል ጢስ ሰው ይገድላል፤ ሽታ ስለሌለው መርዙ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ በተዘጋ ቤት ሞተር አይነሣ። ነጠላ ወይም ሰፊ እጅጌ የለበሰ ሰው ወደሚዞረው ቺንጊያ አይቅረብ። ቤንዚን ባለበት ሲጋራ አይጨስ። ከመኪናው በታች የሚገባ ሰው ጎማዎቹን በድንጋይ ሳያስደግፍ፣ በክሪክ ብቻ ተማምኖ አይግባ። ደግሞም ገመድ እየነቀሉ መፈተን ለአሮጌዎቹ መኪናዎች ብቻ ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዙት የዛሬዎቹ መኪናዎች ሕመማቸውን በመሣሪያ ይነበባሉ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚንም የጢስ ማጣሪያቸውን ያበላሻል።

ክቡራን ወላጆች፤ ጋራዥ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ጋራዥ ስትሄዱ ግን «ይለወጥ» ለሚላችሁ ሰው «የትኛው ሲሊንደር ነው? በምን ለካኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግ ባለሙያ ይህን ጥያቄ በደስታ ይመልሳል። እናንተም ጓደኞቻችን፣ በፊዚክስ ክፍል አንዱን ነገር ብቻ እየለወጣችሁ ሌላውን እንዳለ እንድትተዉ የተማራችሁት ለፈተና ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሦስተኛውን ካንዴላ ወደ አራተኛው ያዛወርነው በዚያው ትምህርት ነው፤ የአንዲትን እናት መኪና ከመሸጥ ያዳነውም እርሱ ነው።