የቮሊዩም ማዞሪያና የግራና ቀኝ ሚዛን



ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ አንድ የድምፅ ባለሙያ የደከመ ጆሮውን ለማሳረፍ ሲል በኦዲዮ ኢንተርፌሱ ላይ ያለውን የጆሮ ማዳመጫ ቮሊዩም ዝቅ ያደርጋል። ወዲያው ከመሐል ሊሰማ የሚገባው የድምፃዊው ዜማ ወደ ግራ ያዘነብልበታል። ባለሙያውም ስሕተቱ ከቅንብሩ የመጣ መስሎት ድምፁን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ይገፋና ሥራውን ያስረክባል። በማግሥቱ በሌላ መሣሪያ የሚያደምጠው ሰው ድምፃዊውን ከቀኝ በኩል ያገኘዋል። ቅንብሩ ቀድሞውኑ ጤነኛ ነበር፤ ያበላሸው እርማቱ ነው።

የችግሩ ምንጭ እጅግ ትንሽ ዕቃ ነው። በብዙ ኢንተርፌሶች ላይ ያለው ማዞሪያ በአንድ ዘንግ የሚዞሩ ሁለት ፖቴንሽዮሜትሮችን የያዘ ሲሆን፣ አንደኛው ለግራ፣ ሁለተኛው ለቀኝ ያገለግላል። በእያንዳንዱ ውስጥ የካርቦን ንጣፍ አለ፤ በላዩም አንዲት የብረት ምላስ ትንሸራተታለች። ሁለቱን ንጣፎች ፍጹም መንትያ አድርጎ ማውጣት ለፋብሪካ ቀላል አይደለም። በአምራቾች ዝርዝር ላይ በሁለቱ መካከል እስከ 3 ዴሲቤል የሚደርስ ልዩነት ተፈቅዶ ማየት የተለመደ ነው።

ጉድለቱ ስለ ምን ከታች በኩል ጎልቶ ይሰማል ለሚለው ጥያቄ ትንሽ ስሌት ይበቃል። ከሚገባው ቮልቴጅ ውስጥ ግራው 50 በመቶ፣ ቀኙ 50.4 በመቶ ቢያሳልፍ ልዩነቱ ከአንድ ዴሲቤል አንድ አሥረኛ ያነሰ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ማዞሪያው ወርዶ ግራው 1 በመቶ፣ ቀኙ 1.4 በመቶ ሲያሳልፍ ግን ያው የ0.4 ስሕተት ወደ 3 ዴሲቤል ያድጋል።

ይሁን እንጂ ፖቴንሽዮሜትሩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነዳፊው 300 ኦም የሆነውን ማዳመጫ ጭምር ለማንቀሳቀስ ሲል ማጉያውን ያበረታዋል፤ ገዢው ደግሞ በጥቂት ሚሊቮልት የሚጮኸውን፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ትንሽ ማዳመጫ ይሰካበታል። ስለዚህ ማዞሪያው ከመነሻው ገና ፈቀቅ ሳይል ድምፁ ይበዛል፤ ተጠቃሚውም ዘመኑን ሁሉ ዕቃው እጅግ በሚያጠፋበት ጠባብ ክፍል ላይ ሲሠራ ይኖራል።

ጥፋተኛውን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ ማዳመጫውን አዙሮ፣ የግራውን በቀኝ ጆሮ ማድረግ ነው። ዝንባሌው እዚያው ግራ ጆሮ ላይ ከቀረ ነገሩ ከጆሮ ነው፤ ለሐኪም እንጂ ለቴክኒሽያን አይነገርም። ከማዳመጫው ጋር ወደ ቀኝ ከዞረ ግን በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ጉልበት ቀንሶ ማዞሪያውን ወደ መሐል ከፍ ማድረግ ይገባል። ያን ጊዜ ሚዛኑ ከተመለሰ ጥፋቱ የማዞሪያው ነው፤ ካልተመለሰ ማዳመጫው ወይም ሌላው የመሣሪያው ክፍል ይመርመር።

ይኸው መመርመሪያ መድኃኒትም ነው። በ24 ቢት በሚሠራ ኢንተርፌስ ላይ 12 ወይም 20 ዴሲቤል ከኮምፒዩተሩ መቀነስ ለማዳመጥ ሥራ የሚያስከትለው ጉዳት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል፤ ማዞሪያው ከፍ ብሎ ሳለ ኮምፒዩተሩ ሳይታሰብ ወደ ሙሉ ጉልበቱ ቢመለስ አደጋው በጆሮ ላይ ነው። ስለሆነም ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ ማዳመጫውን ከጆሮ አውልቆ መሞከር ይገባል።

ለነዳፊዎች መንገዱ ከተጠረገ ቆይቷል። በድምፅ ቃና መቆጣጠሪያው ስሙ የታወቀው እንግሊዛዊው ፒተር ባክሳንዳል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ያቀረበው የቮሊዩም ንድፍ ወጥ የሆነ ንጣፍ ይጠቀማል፤ የድምፁ መጠን የሚወሰነው በምላሷ አቀማመጥ እንጂ በንጣፉ ጠቅላላ ሬዚስታንስ አይደለም። ደረጃ በደረጃ የሚዞር፣ 1 በመቶ ስሕተት ብቻ ያላቸው ሬዚስተሮች የተደረደሩበት ማዞሪያም አለ፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። ማጽጃ ፈሳሽ መርጨትን በተመለከተ፣ ማዞሪያው ሲዞር የሚሰማውን መንኳኳት ያስወግድ ይሆናል፤ ከፋብሪካ ሳይመሳሰሉ የወጡትን ሁለት ንጣፎች ግን አያመሳስላቸውም።