ነባሩ ሰውና አዲሱ እንግዳ
(በደሴ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት ርእስ ከወጣት ጸሐፊዎች ጋር በተገናኘን ቁጥር የሚነሣ ጥያቄ ነው። ይኸውም፤ አንድ ጸሐፊ ሌላ ደራሲ በሠራው ወይም ታሪክ ባቆመው ዓለም ውስጥ ገብቶ ሲጽፍ፣ በዚያ ዓለም ቀድሞ የታወቀውን ሰው ይዞ ይጻፍ ወይስ ከራሱ አእምሮ የወለደውን አዲስ ሰው ያስገባ? የሚለው ነው። ቴዎድሮስን ወይም በዛብህን ከነስሙ ተውሶ ረቂቅ ይዞ ለሚመጣ ወጣት ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ «ይህን ተወውና የራስህን ሰው ፍጠር» የሚል ነው። ምክሩ ቅን ነው፤ ነገር ግን አጭር ነው። ሁለቱም መንገዶች የየራሳቸው ጥቅምና የየራሳቸው ዕዳ ስላላቸው፣ ወጣቱ የትኛውን ዕዳ እንደሚሸከም ሊያውቅ ይገባዋል።

በውጭው ዓለም አድናቂዎች በሚወዱት ድርሰት ላይ ተመሥርተው የሚጽፉትን ልብ ወለድ «ፋን ፊክሽን» ይሉታል። ስሙ ለኛ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው አዲስ አይደለም። የአለቃ ገብረ ሀና ቀልድ ተብሎ ከሚነገረው ውስጥ ስንቱ ከአለቃ አፍ እንደ ወጣ፣ ስንቱስ ከእርሳቸው በኋላ የመጣ ጨዋታ አዋቂ እንደ ፈጠረው ለይቶ የሚናገር አይገኝም። ሕዝቡ አንድ ነባር ሰው አለው፤ ባሕርዩን ያውቃል፤ አዲስ ቀልድ በተፈጠረ ጊዜ ለዚያ ሰው ይሰጠዋል። ሰሚው «አለቃ ገብረ ሀና አንድ ቀን» የሚለውን ገና ሲሰማ ለሣቅ ይዘጋጃል። ተናጋሪው አለቃን ለማስተዋወቅ አንድ ቃል እንኳ ማባከን አያስፈልገውም።

የነባር ገጸ ባሕርይ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ስሙ ብቻውን የአንድ ምዕራፍ ሥራ ይሠራል። «ቴዎድሮስ» ሲባል አንባቢው ሹሩባውን፣ ሽጉጡንና የመቅደላን ገደል ያያል። ዕዳውም ከዚያው ይመነጫል። አንባቢው ቀድሞ የሚያውቀውን ሰው የሰጠነው እንደ ሆነ፣ ከሚያውቀው ጋር እያስተያየ ያነበናል፤ ሰውየው ያልሆነውን ሲሆን ባየ ጊዜም መጽሐፉን ይዘጋዋል።

መቅደላ የደቡብ ወሎ ምድር ነውና ነገሩን በቅርብ ምሳሌ እንመልከተው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያ አምባ ላይ ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ በብዕር ብዙ ጊዜ ተነሥተዋል። የአለቃ ዘነብ ዜና መዋዕል በአድናቆት ዐይን ሲያያቸው፣ የአለቃ ወልደ ማርያም ግን በወቀሳ ዐይን ያያቸዋል። ከዚያ ወዲህ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1940ዎቹ በቴአትር፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» በተባለው መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም.፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» በተባለው መጽሐፉ በ1961 ዓ.ም.፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም እንዲሁ በቴአትር ይህንኑ ሰው ወስደው ጽፈዋል። እነዚህን ታላላቅ ደራስያን «የራሳችሁን ሰው ለምን አልፈጠራችሁም?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ሁሉም ከአንድ ምንጭ ቀድተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቴዎድሮስ አምጥተዋል። ስለዚህ ነባር ሰው መያዝ የፈጠራ ድህነት ምልክት ነው የሚለው አነጋገር በሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ፊት አይጸናም።

በአዲሱ ሰው ላይ የሚሰነዘረውንም ወቀሳ እንመርምር። «ስታር ትሬክ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ አድናቂዎቹ በየራሳቸው መጽሔት ታሪኩን እየቀጠሉ ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ፓውላ ስሚዝ የተባለች ጸሐፊ ይህን ልማድ የሚያፌዝ በጣም አጭር ጽሑፍ አወጣች። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሜሪ ሱ የተባለች የዐሥራ አምስት ዓመት ተኩል ልጅ በመርከቢቱ ላይ መኰንን ሆና ትመጣለች፤ ሁሉን ታውቃለች፤ ሁሉም ይወዷታል፤ ስትሞትም ሁሉም ያለቅሱላታል። ከዚያ ወዲህ «ሜሪ ሱ» የሚለው ስም ጸሐፊው ራሱን አስጊጦ በሌላው ቤት ለሚያስገባው እንከን የለሽ እንግዳ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

የዚህች ልጅ ጉድለት አዲስ መሆኗ አይደለም። ምንም የማይጐድላት መሆኗ ነው። በመቅደላ ታሪክ ውስጥ ቴዎድሮስን የሚመክር፣ ከገብርዬ በላይ የሚዋጋ፣ እንግሊዞችን በንግግር የሚረታ አንድ ያልታወቀ ጐልማሳ ብናስገባ የኛው ሜሪ ሱ ይሆናል። ይህ ሰው ነባሮቹን ያሳንሳቸዋል፤ እርሱም ሰው ሆኖ አይታይም። ነገር ግን ያንኑ ጐልማሳ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለውን የሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ግማሽ ዓመት ያህል በገመድ ከሳቡት መካከል ብናደርገውስ? መድፉ እስከ ዛሬ በአምባው ላይ አለ፤ የቀረጹት የጋፋት ሠራተኞችና ያስቀረጹት ንጉሥ ስማቸው በታሪክ ተመዝግቧል። የሳቡት ግን ስም የላቸውም። የተላጠ መዳፍ ያለው፣ ንጉሡን የሚፈራና የሚወድ፣ ስለ ፖለቲካው የማያውቅ አንድ ሰው በዚያ ገመድ ጫፍ ቢቆም፣ ቴዎድሮስን በዙፋን አጠገብ ያለ ሰው ሊያያቸው በማይችልበት ወገን ያሳየናል። አዲሱ እንግዳ በነባሩ ቤት ቦታ የሚያገኘው መዝገብ ዝም ባለበት ስፍራ ሲቆም ነው።

ይህን ልዩነት ብርሃኑ ዘሪሁን በሥራው አሳይቶናል። ወደ መቅደላው ንጉሥ ታሪክ በገባ ጊዜ በሁሉ ዘንድ የታወቀውን ሰው ያዘ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ማዕበል» የተባለውን ባለ ሦስት ክፍል ልብ ወለድ በጻፈ ጊዜ ደግሞ፣ በመጀመሪያው ክፍል በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረሃብ ታሪክ አንሥቶ፣ ያን ሸክም ያሸከመው ራሱ ለፈጠራቸው የገጠር ሰዎች ነው። ደራሲው አንድ፣ ምድሩም ወሎ ሆኖ ሳለ መንገዱ ሁለት ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የመቅደላ ታሪክ የሚታወቅ ባለቤት ነበረው። ረሃቡ ግን በሕዝብ ላይ የወረደ ነውና፣ በመንገድ ዳር የወደቁትን በስማቸው የሚጠራ ዜና መዋዕል አልነበረም። እዚያ ነባር ስም መፈለግ ታሪኩን ወደ ሹማምንቱ አዳራሽ መመለስ ይሆን ነበር።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ። እርሱም በነባሩ ታሪክ ዳር ላይ ቆሞ የቀረውን ሰው ወደ መካከል ማምጣት ነው። ጂን ሪስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣችው ልብ ወለድ፣ በሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ውስጥ በሰገነት ተዘግቶባት እንደ እብድ ብቻ የምትታየውን ሴት የራሷን ታሪክ እንድትናገር አድርጓታል። በኛም አገር እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል። ወይዘሮ ወርቂት ወሎን ያስተዳደሩ ሴት ነበሩ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ በአገራቸው አሳለፏቸው፤ በዚህም ምክንያት በመቅደላ ታስሮ የነበረው ልጃቸው በቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደለ። በቴዎድሮስ ታሪክ ውስጥ ይህ ነገር አንዲት አንቀጽ ነው፤ በወርቂት ታሪክ ውስጥ ግን ዓለም ሁሉ ነው። ልጇ በጠላት እጅ ያለ እናት የሸሸውን የሰው ልጅ ስታሳልፍ ምን አሰበች? ይህን የሚጽፍ ሰው ወርቂትን አልፈጠረም፤ ሆኖም ያልተጻፈችውን ወርቂት እርሱ ይወልዳታል። ለወሎ ልጅ ከዚህ የበለጠ የተዘጋጀ ማሳ አላውቅም።

የተውሶ ነገር ሲነሣ የባለቤቱ ነገርም መነሣቱ አይቀርም። ሰርቫንቴስ የ«ዶን ኪኾቴ»ን የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1605 ካሳተመ በኋላ፣ በ1614 አቬያኔዳ በሚል የብዕር ስም የተሸሸገ ሰው ሁለተኛ ክፍል ብሎ የራሱን አወጣ። ሰርቫንቴስ በ1615 እውነተኛውን ሁለተኛ ክፍል ሲያወጣ፣ ባላባቱ የሐሰተኛውን መጽሐፍ ወሬ እንዲሰማና መጽሐፉ ወስዶት ወደ ነበረው ከተማ አልሄድም ብሎ መንገዱን እንዲለውጥ አደረገ፤ በመጨረሻም ሌላ ሰው እንዳያስነሣው ገደለው። ዛሬ በአገራችን ይህን ክርክር የሚዳኝ ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ድርሰትን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የደራሲው ሲሆን፣ ኢኮኖሚያዊ መብቱም ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኳል፤ የሰብለና የበዛብህም ፍቅር ዘፈን ሆኗል። ሕዝብ የወደደው ሰው ከመጽሐፉ ወጥቶ መሄዱ አይቀርም። ቢሆንም በዛብህን ወስዶ ለማሳተም የሚነሣ ወጣት አስቀድሞ የባለመብቶቹን ፈቃድ እንዲጠይቅ ልንነግረው ይገባል። ቴዎድሮስና ወርቂት ግን የታሪክ ሰዎች ስለ ሆኑ የማንም ደራሲ ንብረት አይደሉም።

ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ጉዳይ አለ። የወሎው ሼህ ሁሴን ጅብሪል በ19ኛው መቶ ዘመን ኖረው ያለፉ፣ ትንቢታዊ ግጥማቸው ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የመጣ ሰው ናቸው። አገር በተጨነቀ ቁጥር አዲስ ግጥም በስማቸው ሲነገር እንሰማለን። የአለቃ ገብረ ሀናን ቀልድ የሚጨምር ሰው ሰሚውን ያሥቀዋል፤ በሼህ ሁሴን ስም ትንቢት የሚጨምር ሰው ግን ሰሚውን ሊያስፈራው፣ ሊያስነሣው ወይም ከቀየው ሊያሰድደው ይችላል። ሁለቱም በነባር ስም የተፈጠሩ ናቸው። የሚለያቸው፣ ሰሚው ፈጠራ መሆኑን ማወቁና አለማወቁ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባለው፣ የሞተ ሰው ስም ሲሠራ ይኖራልና፣ የምናሠራው እኛ ከሆንን ፈጠራ መሆኑን በግልጽ መናገር ግዴታችን ነው።

ክቡራን አባላት፤

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ከፊታችን ላለው ሥራ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ያዩትን አይተዋል። ያ ጊዜ መጻፉ አይቀርም፤ ረቂቆቹም ወደኛ ይመጣሉ። በዚያ ጦርነት ስማቸው የታወቀ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፤ አንዱ ወገን የሚያከብረውን ሌላው ይረግመዋል። እነርሱን በስማቸው ገጸ ባሕርይ ማድረግ፣ ያልተናገሩትን በአፋቸው ማስገባት፣ ድርሰቱን ወደ ክስ ወይም ወደ ውዳሴ ይለውጠዋል። ስለዚህ ለዚህ ታሪክ የምመርጠው ብርሃኑ ዘሪሁን ለረሃቡ የመረጠውን መንገድ ነው። ቤቷን ዘግታ ልጆቿን ይዛ የወጣች እናት፣ አልሄድም ብለው ደጃቸው ላይ የቀሩ ሽማግሌ፣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራው የቆመበት ሠራተኛ፤ እነዚህ ሰዎች ገና አልተፈጠሩም፤ ነገር ግን ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

ረቂቅ ለሚያመጣልን ወጣት እንግዲህ ሦስት ጥያቄ እናቅርብለት። የተዋስከውን ስም ብትሰርዘው ታሪኩ ሳይናጋ ይቆማል? ከቆመ፣ ለሰውየው የራሱን ስም ስጠው። የፈጠርከው እንግዳስ ሊሳሳት፣ ሊሸነፍ፣ ሊያፍር ይችላል? ካልቻለ ገና ሰው አልሆነም። አንባቢህስ የትኛው ታሪክ፣ የትኛው ፈጠራ እንደ ሆነ ያውቃል? ካላወቀ በመግቢያህ ንገረው።

በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የተፈተነ ጽሑፍ፣ ነባር ሰው ይያዝ አዲስ ሰው ይፍጠር፣ ሊነበብ የሚገባው ነው።