የበዓል ዳቦና የመጋገሪያው ጣሳ



ዛሬ የምናወራው ስለ ዳቦ ነው። «ዳቦ መጋገር ደግሞ ተማሪ ሊያስተምረን ነው?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ዳቦውን እናንተ ታውቁታላችሁ። እኛ የምንነግራችሁ ስለ ጣሳው ነው።

አርሲ የገብስና የስንዴ አገር ነው። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ታሽቶ ጭኮ ይሆናል። ጭኮ መጋገሪያ አይፈልግም። ስንዴው ግን ዳቦ ይሆናል። ካዱ ይባል የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. በአሰላ ከተቋቋመ በኋላ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በአካባቢው ተስፋፋ። እያደር የነቀዝና የአረም መድኃኒትም ወደ ገጠር ገባ። መድኃኒቱ አለቀ፤ ጣሳው ቤት ቀረ።

ማር የገባበት የበዓል ዳቦ ለስለስ ያለ እሳት ይወዳል፤ ማር ቶሎ ያራልና። ሸክላ ምጣድ ሙቀቱን ቀስ አድርጎ ይሰጣል። ጣሳ ግን ስስ ነው። ሥሩ ሲያር መሀሉ ገና ሊጥ ነው። ስለዚህ በጣሳም ቢሆን ከሥር ኮባ ማንጠፍ ይበጃል። ደግሞ በጭላሎ ግርጌ ብርድ አለ፤ ሊጡ ከምድጃው አጠገብ ካልተቀመጠ ቶሎ አይነሳም። እኛ ቸኩለን የጋገርነው ዳቦ ድንጋይ ሆኖ ወጥቶ ተስቆብናል።

አንድ ቀን ያረፍንበት ቤት እናት ለበዓል ሊጥ አቡክተው የሚያብረቀርቅ ጣሳ ቅቤ ይቀባሉ። ጣሳውን አዙረን አየነው። የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ተሥሎበታል። ከሥሩ «መርዝ» የሚል ቃል አለ። የነቀዝ መድኃኒት ጣሳ ነበር።

«ልጆቼ፣ በአመድ አሽቼ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ እኮ» አሉን።

ወገኖቼ፣ መታጠብ አይበቃውም። መርዙ በክዳኑ ጥርስና በመገጣጠሚያው ውስጥ ይቀራል። ሲግል ወደ ዳቦው ይገባል። አይታይም፤ ሁልጊዜም አይሸትም። ትውከት፣ የምራቅ መብዛት፣ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ሕፃን ደግሞ ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ይጎዳል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ በሽተኛውን ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ አድርሱ፤ ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍም ለሐኪሙ አሳዩ።

የምግብ ጣሳም ቢሆን ሁሉ አይታመንም። በድሮዎቹ ላይ ጎኑ የተበየደው እርሳስ በተቀላቀለበት ብረት ነው። ብየዳው በኃይለኛ እሳት ይቀልጣል። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። የቤት ክዳን ቆርቆሮም ለሊጥ አይሆንም። ሸክላና ብረት ምጣድ ይሻላሉ።

እኚያ እናት ዝም ብለው ሊጡን አዩት። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥተው ኮባ ቆረጡ። ዳቦው በሸክላው ምጣድ ላይ፣ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎለት በሰለ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለኛ ሰጡን። ልጃቸው ጣሳውን ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት በሚስማር በሳሳው፤ ወደ እርሻ ጽሕፈት ቤት እስኪወሰድም ከቤትና ከውኃ ርቆ ተቀመጠ። በበነጋው ደግሞ ያ ልጅ ፊደል እየቆጠረ ጎረቤት ያለውን ጣሳ ሁሉ ሊያነብ ሄደ።