የበገናው አውታርና የሀርፕሲኮርድ ነገር

(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የጥንት የሙዚቃ መሣሪያ በአዲስ ዘዴ ሊሠራ ይገባዋልን?» የሚል ነው። እኔ የሙዚቃ ሊቅ አይደለሁም። ደፍሬ በፊታችሁ የቆምኩት አንድ በገና ያበላሸሁ ሰው ስለ ሆንኩ ነው፤ እንዴት እንዳበላሸሁትም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

አያቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በኩል ሲኬድ፥ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ደጋ ላይ ነው። በግድግዳቸው ላይ አንድ በገና ተሰቅሎ ይኖራል። ዓመቱን ሙሉ ማንም አይነካውም፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን ያወርዱትና አቧራውን ጠርገው፥ ባናቸውን ተከናንበው ማታ ማታ ይደረድሩታል። ድምፁ ከደጃፍ አያልፍም። እኛ ልጆቹ ለመስማት ከእግራቸው ሥር እንጠጋ ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ወደ አገሬ ወጣሁ። አውታሮቹ ከበግ አንጀት የተፈተሉ ነበሩና ሁለቱ ተበጥሰው፥ የቀሩትም ተተልትለው አገኘኋቸው። አያቴን ላስደስት ብዬ ከአዲስ አበባ ናይለን ገዝቼ ሄጄ ስለ ነበር ዐሥሩንም ለወጥኳቸው። በዚሁ ሥራ ላይ ሳለሁ ከአውታሮቹ ሥር የተወሸቁ ያደፉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች አየሁ። ከዘመን ብዛት የገባ ጉድፍ መስሎኝ አንድ በአንድ እየነቀልኩ ወደ ምድጃው ጣልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስነካው ድምፁ እንደ ደወል ጠራ፤ ደስም አለኝ። አያቴ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርገው አዳመጡና፥ «ልጄ፥ ክራር አደረግኸው» ብለው መልሰው ሰቀሉት። በዚያ ሁዳዴ በቤታችን በገና አልተደረደረም።

በገናን ለማታውቁት ጥቂት ላብራራ። ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፥ ሁለት ምሰሶ፥ አንድ ቀንበርና በቆዳ የተለበጠ ገበቴ ያለው መሣሪያ ነው። ዐሥሩ አውታሮች ከቀንበሩ ወርደው ገበቴው ላይ ባለው ብርኩማ ያርፋሉ። አባቶች ዐሥሩን አውታር በዐሥርቱ ትእዛዛት ይመስሉታል፤ ለቀንበሩና ለምሰሶዎቹም ምሳሌ አላቸው፥ እርሱን ለባለቤቶቹ ልተወው። እኔን ያሳፈረኝ ነገር ያለው ብርኩማው ላይ ነው። አውታሩ ብርኩማውን በሚነካበት ስፍራ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ደርዳሪው እንዚራዋን ጥቂት ወዲህ ጥቂት ወዲያ እያደረገ ሲያስተካክላት፥ አውታሩ ከሰፊው ብርኩማ ጋር ሳይጣበቅም ሳይርቅም እየተላተመ ይነዝራል። ከዚህ የተነሣ ዋናው ድምፅ ብቻውን አይወጣም፤ ከበላዩ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች አብረውት ይነሣሉ፥ ዝዝ የሚል እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅም ይሆናል። ሕንዶች ታንፑራ በሚሉት መሣሪያቸው ላይ በቆዳ ፈንታ ክር እየወሸቁ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስቴፋኒ ዋይሰር የተባሉ የቤልጅግ ተመራማሪም የበገናን ድምፅ ሲያጠኑ ይህን ንዝረት በብዙ መርምረውታል። እኔ ግን ቆሻሻ ነው ብዬ አቃጠልኩት።

ይህን ታሪክ ለአንድ መምህሬ ባጫውታቸው ሳቁና፥ «አይዞህ፤ በአውሮፓም አንተ ያደረግኸውን ያደረጉ ታላላቅ ሰዎች አሉ። እነርሱ ያደረጉት በሀርፕሲኮርድ ላይ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሀርፕሲኮርድ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ነገሩ ከእኛ የራቀ ይመስላል፤ ጥቂት ታገሡኝ፥ ተመልሼ መንዝ እገባለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሀርፕሲኮርድ ፒያኖ ከመምጣቱ በፊት በአውሮፓ የነገሠ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ነው። ፒያኖ አውታሩን በመዶሻ ይመታል፤ ሀርፕሲኮርድ ግን ከወፍ ላባ በተቀረጸ ጫፍ ይነቁረዋል። ባኽና ኩፕራን የጻፉት ለዚህ መሣሪያ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፒያኖ አሸነፈው፥ ከዚያም መቶ ዓመት ያህል ተረሳ። በ1889 በፓሪስ በተደረገው ታላቅ ትርኢት ላይ ፕሌየልን የመሳሰሉ ፒያኖ ሠሪዎች አዲስ ሀርፕሲኮርድ ሠርተው አቀረቡ። ልብ በሉ፤ ሠሪዎቹ ፒያኖ ሠሪዎች ናቸው። የጥንቱን መሣሪያ ሲያዩት ቀጭንና ደካማ ሆኖ ታያቸው፤ ሊያሻሽሉትም ተነሡ።

በ1912 ፕሌየል ለዝነኛዋ ለፖላንዷ ተወላጅ ለዋንዳ ላንዶቭስካ ትልቅ የአዳራሽ ሀርፕሲኮርድ ሠራ። ከተለመደው ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ የሚል ተጨማሪ የአውታር ረድፍ ጨመረበት፤ ድምፁን የሚለዋውጡ የእግር መርገጫዎች አበጀለት፤ አውታሩን የሚነቁረውን ላባ በጠንካራ ቆዳ ተካው፤ ከጊዜ በኋላም እንደ ፒያኖ የብረት ማዕቀፍ አገባበት። ይህ ሁሉ የተደረገው ድምፁ በሺህ ሰው አዳራሽ እንዲሰማ ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። አውታሩ በጣም ሲወጠር ማዕቀፉ መክበድ ግድ ሆነ፤ ማዕቀፉ ሲከብድ ድምፅ ሰጪው ሳንቃም ወፈረ፤ ሳንቃው ሲወፍር በላባ ወይም በቆዳ ጫፍ የተነቆረ አውታር ሊያነቃንቀው አልቻለም። መሣሪያው ገዘፈ፥ ድምፁ ግን እንደ ግዝፈቱ አልሆነም።

ላንዶቭስካን ለማቃለል አይደለም። ሀርፕሲኮርድን ከሙዚየም አውጥታ ለሕዝብ ያሰማች እርሷ ናት፤ በ1933 በፕሌየል ያስቀረጸችው የባኽ የጎልድበርግ ልውጥውጦች እስከ ዛሬ ይደመጣል። ፑላንክና ደ ፋያም ለእርሷ ኮንቸርቶ ጽፈዋል፤ የተጻፉትም ለዚያው ለገዘፈው መሣሪያ ነው። እንግዲህ የፑላንክን ኮንቸርቶ በ17ኛው መቶ ዓመት ሀርፕሲኮርድ መጫወት እርሱ ራሱ ከእውነት መራቅ ይሆናል። ይህ ነገር ለብዙ ቀን አስቆኛል።

መመለሻው የመጣው መሣሪያን በትዕግሥት ከመለካት ነው። በ1949 ፍራንክ ሀባርድና ዊልያም ዳውድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በቦስተን አንድ የሥራ ቤት ከፈቱ። በጀርመን ደግሞ ማርቲን ስኮቭሮኔክ ተነሣ። እነዚህ ሰዎች ጥንታውያኑን መሣሪያዎች፥ ለምሳሌ በአንትወርፕ የነበሩት የሩከርስ ቤተ ሰቦች የሠሯቸውን፥ እየከፈቱ የሳንቃውን ውፍረት፥ የአውታሩን ርዝመት፥ የእንጨቱን ዐይነት ለኩ፤ እንደ ለኩትም ሠሩ። ሀባርድ ያገኘውን በ1965 በመጽሐፍ አወጣ። ሲሠሩት ቀላልና ስስ ሆነ፤ ደካማ ነው የተባለውም መሣሪያ ጮክ ብሎ ተናገረ። ጉድለት የተባለው ነገር ሁሉ የራሱ ምክንያት እንደ ነበረው ታወቀ።

አሁን ግን ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ። ለጥንቱ ይህን ያህል የሚቆረቆሩት ሠሪዎች፥ ብዙዎቹ፥ በላባ ፈንታ ዴልሪን የሚባል ፕላስቲክ አገቡ! ላባ ቶሎ ያልቃል፤ ፕላስቲኩ ይሰነብታል፥ በደንብ ከተቀረጸም ጆሮ በቀላሉ አይለየውም። ብረቱን አንፈልግም ብለው ፕላስቲኩን ተቀበሉ። መጀመሪያ ግብዝነት መሰለኝ። በኋላ ሳስበው ግን ትክክል ናቸው አልኩ፤ የሚጠብቁት ዕቃውን ሳይሆን ድምፁ የሚወለድበትን መንገድ ነውና።

እንግዲህ ወደ መንዝ ልመለስ። ከእናንተ መካከል ናይለን የገባበትን በገና ሁሉ የሚያወግዙ አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። በአውሮፓም ጊታር ከበግ አንጀት ወደ ናይለን የተሻገረው በ1940ዎቹ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ አንጀቱ ለቁስል መስፊያ ተፈልጎ ስለ ጠፋ። በእኛም አገር መምህር ዓለሙ አጋ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩትን፥ ከ1972 እስከ 1980 በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ቆይተው በደርግ ጊዜ አቋረጡ፤ ከ1991 በኋላ ግን በገና የሚማር ወጣት በዝቷል። ይህ ሁሉ ተማሪ የአንጀት አውታር ከየት ያገኛል? በመንዝ ክረምት ጉሙ ቤት ሲገባ አንጀቱ እርጥበት እየሳበ ቅኝቱ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ናይለን በዚህ ይሻላል። ናይለን ከአንጀት ስለሚቀል፥ በዚያው ርዝመትና ውጥረት ያንኑ ድምፅ እንዲሰጥ ወፈር ማለት አለበት፤ ሲወፍርም ብርኩማውን የሚነካበት ሁኔታ ስለሚለወጥ እንዚራውን እንደገና ማስተካከል ያሻል። ይህን የሚያውቅ ሰው በናይለን ቢደረድር በእኔ በኩል ይደርድር። ጥፋቱ ያለው እንደ እኔ እንዚራውን ከሚጥለው ሰው ዘንድ ነው።

ስለ አውታሩ ቍጥርም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ደርዳሪዎች ከዐሥሩ ሁሉንም አይነቁሩም፤ ከመካከላቸው ለጣት ማረፊያ ብቻ የሚሆኑ አሉ። አንድ የምሕንድስና ተማሪ ጓደኛዬ «የማይሠሩትን ብታወጣቸው መሣሪያው ይቀላል» ብሎ መክሮኝ ነበር። ፕሌየልም እንዲሁ ሳይሉ አልቀሩም። ጣቱ ከነቆረ በኋላ የሚያርፍበት ከሌለው እጁ ይንሳፈፋል፥ አደራደሩም ይለወጣል፤ የማይሰማው አውታር የሚሰማውን ይሠራል ማለት ነው። ኤሌክትሪክ አስገብተው በትልቅ አዳራሽ ስለሚደረድሩት ግን ገና አልቈረጥኩም። በገና ለአንድ ክፍል የተሠራ ነው፤ ደርዳሪውም ለራሱ ያህል ያዜማል። በድምፅ ማጉያ ስሰማው ንዝረቱ ይበዛል፥ ትንፋሹ ይጠፋል። ምናልባት የለመድኩት የአያቴን ጕልበት አጠገብ ቁጭ ብዬ መስማት ስለ ሆነ ይሆናል።

«እውነተኛው በገና የቱ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሱ ይቸግረኛል። የአያቴ በገና ራሱ ገበቴው ላይ ያለው ቆዳ በእርሳቸው ዘመን ተቀይሯል፤ አንደኛው ምሰሶ ደግሞ ተሰብሮ የተጠገነ ነው። የሩከርስን ሀርፕሲኮርዶች እንኳ የ18ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳውያን እየፈቱ አስፍተዋቸዋል። ልዩነቱ አውሮፓውያኑ የሠሪው ስምና ዓመቱ የተጻፈባቸው ብዙ መሣሪያዎች ስላሏቸው የተለወጠውን ካልተለወጠው መለየት መቻላቸው ነው። የእኛ በገና ግን አብዛኛውን ጊዜ ስም የለበትም፤ ከአባት ወደ ልጅ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይወርዳል። ባለቤቱ ሲያርፍም አንድ ቸኳይ የልጅ ልጅ ያወርደዋል። እኔ አንድ አበላሽቻለሁ፤ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ በየቤቱ ስንት ተሰቅሎ እንዳለ ማን ቈጠረ?

ባለፈው ፋሲካ የጥፋቴን ልክስ ብዬ ወደ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። በሰፈራቸው የበግ ጠጕር የሚነድፉ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ለደጋናቸው ጅማት ራሳቸው ይፈትላሉ። ለፋሲካ የታረደውን በግ አንጀት ለውሻ ሳይጣል ተቀብዬ ወሰድኩላቸው። ከአንድ በግ ከ20 ሜትር በላይ ቀጭን አንጀት ይወጣል፥ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። አጠብነው፤ በቢላ ጀርባ እየፋቅን ሥጋውን አወጣን፤ እርጥቡን ደራርበን አከረርነው፤ በሁለት ችካል መካከል ወጥረን በጥላ አደረቅነው። ሽታውን አልነግራችሁም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስንቃኛቸው ተበጠሱ፤ ከእነርሱ በኋላ የተፈተሉት ሦስቱ ያዙ። እንዚራውን አያቴ ራሳቸው ከአሮጌ ኮርቻ ጠፍር ቈርጠው አገቡ፤ ከማለዳ እስከ ቀትር ሲያስተካክሉት ዋሉ፥ እኔን ግን አላስነኩኝም። አሁን በበገናው ላይ ሦስት የአንጀትና ሰባት የናይለን አውታር አለ። የቀረውን ለመሥራት ሌላ በግ እስኪታረድ እንጠብቃለን።

ማኅበሩን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ በዘመድ ቤት የተሰቀለ በገና ያገኘ ሁሉ ምንም ሳይነካና ሳይፈታ ቁመቱን፥ የገበቴውን ስፋትና ጥልቀት፥ የብርኩማውን ወርድ፥ የአውታሩን ውፍረት ለክቶ ይጻፍ፤ እንዚራው ካለበት ከነአቀማመጡ ይሣለው፤ ባለቤቱን «መቼ ተጠገነ? ቆዳው መቼ ተለወጠ?» ብሎ ይጠይቅ። የምሕንድስና ተማሪዎች የውፍረት መለኪያ ሊያውሱን ፈቅደዋል፤ ያሉት ግን ሁለት ብቻ ስለ ሆኑ በተራ ነው። የስም መመዝገቢያው ወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። ከመርሐቤቴ እስከ ዛሬ የተመዘገበ ሰው የለም፤ የዓለም ከተማ ልጆች ግን እዚህ ተቀምጣችሁ አያችኋለሁ።