የዳንካ ወንዝ እንግዳ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር መጨረሻ አራት የቆዩ ወዳጆች፣ ይኸውም አንድ የውኃ መሐንዲስ፣ አንድ የሥነ ሕይወት መምህር፣ አንድ ሐኪምና አንድ የደን ባለሙያ፣ በአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ባሌ ወረዱ። «ወረዱ» መባሉ በልማድ ነው እንጂ መንገዱስ የሚያወጣ ነው። መድረሻቸው ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች።

ዓላማቸው ዓሣ ማጥመድ ነበር። ሆኖም ይህ የዝዋይ ወይም የጣና አስጋሪ በመረብ ዕለት ጉርሱን የሚያገኝበት ሥራ አይደለም። ከላባና ከክር የተሠራች፣ ከጥፍር የማትበልጥ ዝንብ መንጠቆ ላይ ታስራ በወንዝ ፊት ላይ ትጣላለች፤ ዓሣውም እውነተኛ ነፍሳት መስላው ይነሣባታል። ዝንቢቱ ክብደት ስለሌላት እንደ ድንጋይ ልትወረወር አትችልም። ክብደቱ ያለው በወፍራሙ ክር ላይ ነው። አስጋሪው ዘንጉን ወደ ኋላ ስቦ ክሩ በአየር ላይ እስኪዘረጋ ድረስ ጥቂት ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፊት ይሰደዋል። ጥበቡ በሙሉ ያለው በዚያች ትዕግሥት ውስጥ ነው።

ሐኪሙ በልጅነቱ ከብት የጠበቀና በቡሄ ሰሞን ጅራፍ በማጮኽ በመንደሩ የታወቀ ሰው ስለ ነበረ፣ ይህ ሁሉ ትምህርት ለእሱ እንደማያስፈልገው ገና አሰላ ሳይደርሱ አስታውቆ ነበር። ወንዙ ዳር በቆመ ጊዜ ግን ዘንጉን እንደ ጅራፍ አጮኸው። የዝንብ ክር ከጮኸ ደግሞ ወደ ኋላ ሳይዘረጋ ተስቧል ማለት ነውና ጫፉ ላይ ያለችው ዝንብ ትበጠሳለች። ሐኪሙ ከረፋዱ በፊት ሦስት ዝንቦች አጠፋ። ጓደኞቹም ዝንቦቹን ለባሌ ሕዝብ እንዳበረከተ ቈጠሩለት።

የመንገዱን ነገር በዝርዝር መተረክ አያስፈልግም። አዳማን አልፈው ወደ አርሲ ሲወጡ የጭላሎ ተራራ ታያቸው፤ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ባፈራችው በበቆጂ ሻይ ጠጡ፤ የስንዴና የገብስ አዝመራ በሚታጨድበት ሜዳ መካከል ተጉዘው ዶዶላ አደሩ። በማግሥቱ በአዳባ በኩል ዲንሾ ገቡ፤ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትም ፈቃድና መሪ ተቀበሉ። መሪው የዚያው አገር ተወላጅ የሆነ ወጣት ነበር።

ወደ ዌብ ወንዝ የሚገባው ዳንካ ጠባብ ነው። በአንዳንድ ሥፍራ ጐረምሳ በአንድ ዝላይ ይሻገረዋል። ውኃው ግን በበረዶ የታጠበ ያህል የጠራና የቀዘቀዘ ነው። ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚሻው ይህንኑ ነው፤ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ ውኃ ውስጥ ይጨነቃል፤ እንቁላሉን የሚጥለውም ንጹሕ ውኃ በሚዘልቅበት ጠጠር መካከል ነው።

ይህ ዓሣ የኢትዮጵያ ተወላጅ አይደለም። ቡናማው ትራውት የአውሮፓ፣ የቀስተ ደመና መልክ ያለው ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ምዕራብና የሩቅ ምሥራቅ እስያ ዓሣ ነው። እንግሊዞች በየሄዱበት የአገራቸውን ጨዋታ ይዘው ይሄዱ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1864 የትራውት እንቁላል በሣር ሽበትና በበረዶ ታሽጎ ከእንግሊዝ እስከ ታዝማኒያ በመርከብ ተጓዘ። በ1905 ደግሞ ከስኮትላንድ የመጣ እንቁላል በኬንያ ደጋ ወንዞች ውስጥ ተፈለፈለ። ባሌ የደረሰውም ዘር የተወሰደው ከኬንያ ነው።

ወዳጆቹ በመጀመሪያው ቀን ሰባት ዓሣ ያዙ። አምስቱን ወዲያው ወደ ውኃው መለሱ። መሪው ይህን ሲያይ ዝም ሊል አልቻለም።

«ጋሼ፣ ሊለቁት ከሆነ ለምን ያዙት?» ሲል መሐንዲሱን ጠየቀው።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ከአራቱ አንድም ሰው የሚያረካ መልስ አላገኘለትም። መምህሩ እንዲያውም ነገሩን አባባሰው። እንግዳ የሆነውን ዓሣ መልቀቅ ለዓሣው ርኅራኄ ሊሆን ይችላል፤ ለወንዙ ግን ርኅራኄ ስለ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም አለ።

የቀሩት ሁለት ዓሦች በማታው እሳት ላይ ተጠበሱ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለ ነበር፣ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የጥንት ክርክር በምጣዱ ዙሪያ ተነሣ። መሐንዲሱ ሽሮውን መረጠ፤ ሌሎቹም ስለ ነፍሱ እያመሰገኑት ድርሻውን ተካፈሉ።

ዋናው ክርክር የተነሣው ከእራት በኋላ ነው። መሐንዲሱ ከደብተሩ ውስጥ አንድ ንድፍ አወጣ። ወንዝ ዳር የዓሣ ማራቢያ ገንዳዎች ይሠሩ፤ በየዓመቱ ጫጩት ዓሣ ይለቀቅ፤ አገር ጐብኚ ይመጣል፤ የዲንሾ ወጣትም ከመሪነት የሚያገኘው ገቢ ይጨምራል የሚል ነበር። ይህ ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። የዕለት አበሉን ተስፋ ያደረገ ወጣት እዚያው እሳቱ ዳር ተቀምጦ ይሰማ ነበርና።

መምህሩ የመለሰለት ከሞንታና በተገኘ ታሪክ ነው። በዚያ አገር በማዲሰን ወንዝ ላይ ሪቻርድ ቪንሰንት የተባለ የዓሣ ባለሙያ ዓሣውን ቈጠረ። በማራቢያ ያደገ ዓሣ መጨመር በቆመበት ክፍል የወንዙ የራሱ ትራውት በዛ፤ ከዚያ በፊት ተጨምሮበት በማያውቅ ሌላ ጅረት ላይ መጨመር ሲጀመር ግን የነበረው ቀነሰ። የሞንታና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1974 ትራውት ራሱን ችሎ በሚራባባቸው ወንዞች ዓሣ መጨመሩን ተወ። በዚያን ጊዜ የተቈጣው አስጋሪ ጥቂት አልነበረም።

ቀጥሎም የካሊፎርኒያን የሴራ ኔቫዳ ተራሮች አነሣ። በዚያ ዓሣ ባልነበረባቸው ሐይቆች ውስጥ ትራውት በመጀመሪያ በበቅሎ ጭነት፣ በኋላም ከአውሮፕላን እየተጣለ ገባ። የአገሩ እንቁራሪቶች ከብዙዎቹ ሐይቆች ጠፉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከጥቂቶቹ ዓሣው ተለቅሞ ሲወጣ እንቁራሪቶቹ ተመልሰው በዙ። በባሌም ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የማይገኙ እንቁራሪቶች አሉ።

«ታዲያ ያለውን ዓሣ እናጥፋ ነው የምትለው?» አለ መሐንዲሱ።

«አላልሁም። ከመጨመርህ በፊት ድንጋዩን ገልብጠህ እይ ነው የምለው» አለ መምህሩ።

በማግሥቱ ጧት እንደ ቃሉ ድንጋይ ገለበጠ። ከዳንካ ውስጥ ከወጣው ድንጋይ ሥር ከአሸዋ ቅንጣት ቤቱን የሚሠራ ትልና ክንፍ ሳያወጡ በውኃ ውስጥ የሚያድጉ ደቃቅ ነፍሳት ተርመሰመሱ። ዓሣው የሚኖረው በእነዚህ ነው፤ በኪስ የተያዘችው ዝንብም የተሠራችው እነዚህኑ ለመምሰል ነው። ጥቂት ወደ ታች ሲወርዱ አንድ ትንሽ ጅረት ከጎን ይገባ ነበር። ውኃው እንደ ጠላ አተላ የደፈረሰ ነው። ከዚያ የተነሣውን ድንጋይ ሲገለብጡት ሥሩ በደለል ተሞልቷል፤ አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረበትም። እንዲህ ባለ ጠጠር ውስጥ የተጣለ የትራውት እንቁላል ታፍኖ ይሞታል። ይህ ውኃ ወርዶ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ የሚያልፈው የዌብ ገባር መሆኑንም ማሰብ ይገባል።

የደን ባለሙያው ጅረቱን ተከትሎ ወጣ። ከፍ ብሎ ቍልቍለቱ ላይ የገብስ ማሳ ነበር። ከመጨረሻው ትልም እስከ ውኃው ዳር በእርምጃው ቢለካው አራት ሆነ። ሣር የለ፣ ቍጥቋጦ የለ።

«ማሳው የአጎቴ ነው። ሌላ መሬት የለውም» አለ መሪው ቀስ ብሎ።

እ.ኤ.አ. በ1970 የተከለለው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያች ጧት ግን በቦታው የነበረው ጉዳይ የአንድ ሰው ገብስ ነበር።

አዛውንቱ ከቤታቸው ወጥተው እንግዶቹን በክብር ተቀበሉ፤ እርጎም አቀረቡላቸው። መሐንዲሱ ጾመኛ ነኝ ቢል ቅር ሳይላቸው ቆሎ አስመጡለት። ከዚያም ከውኃው ዳር ሃያ እርምጃ ሳይታረስ ሣር ቢበቅልበት ምን ይጎድልብዎታል ተብለው ተጠየቁ። መሪው እየተረጎመ ነበር። አዛውንቱ ማሳቸውን ቍልቍል አይተው ጥቂት አሰቡ።

«ሁለት ኩንታል ገብስ። ማን ይከፍለኛል?»

መሐንዲሱ ደብተሩን አውጥቶ የዓሣ ማራቢያው ወጪ ከተሰላበት ገጽ ግርጌ «ገብስ፣ 2 ኩንታል፣ በየዓመቱ» ብሎ ጻፈ፤ የገበያውንም ዋጋ ጠየቃቸው።